ከአያት ሳጥን የወጡት ሁለቱ ሳንቲሞች

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ጎንደር ላይ ከሟቹ አያትህ ሳጥን ሁለት ነገር አገኘሁ ብለሃል። አንዱ ቀጭን የናስ ክብ ነው፤ «25» የሚል ቁጥርና የደበዘዘ የእንግሊዝኛ ፊደል አለበት፣ ጀርባው ባዶ ነው። ሌላው ከበድ ያለ፣ ባለ ቀለም፣ «ቃኘው» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈበት። የጣሊያን ገንዘብ ናቸው ወይ? ስንት ያወጣሉ? በሎሚና በአመድ ልፈትጋቸው? ብለህ ጠይቀሃል። ከመጨረሻው ልጀምር፣ የሚያስቸኩለው እሱ ነው።

እባክህ አትፈትጋቸው። ሎሚው ብረቱን ይበላል፣ አመዱ ይቧጭራል። ናስ በዓመታት ብዛት የሚይዘው ጠቆር ያለ ቡናማ ገጽ ብረቱን ይጠብቀዋል፤ ሰብሳቢም የሚፈልገው እሱኑ ነው። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። አፈር ከያዘው ንጹህ ውሃ ውስጥ አሳድረውና በለስላሳ ጨርቅ ሳትጫን አድርቀው። ባለ ቀለሙን ግን አትዘፍዝፈው፣ ቀለሙ ሊነሳ ይችላል።

ጣሊያን ነው ብለህ መጠርጠርህ ተገቢ ነው። ጎንደር ላይ አሮጌ ብረት ሲገኝ የሁላችንም ሐሳብ ወደዚያው ይሄዳል። የጣሊያን ጦር በአገራችን የመጨረሻውን እጁን የሰጠው እዚሁ ጎንደር ላይ፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። የደንብ ልብስ ቁልፍና የአንገት ኮከብ እስከ ዛሬ በየቦታው ይገኛል። ግን የዚያ ዘመን የጣሊያን ሳንቲም መለያ አለው። የንጉሡ ምስል አለበት። ከዓመተ ምሕረቱ አጠገብ ደግሞ ትንሽ የሮማ ቁጥር ታያለህ፤ ለምሳሌ 1936 (እ.ኤ.አ.) ካለ ጎኑ XIV ይኖራል። እሱ የፋሺስቶች የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር ነው። ያንተ ክብ ንጉሥም ዓመትም የለውም።

እንደ ገለጻህ ከሆነ ቶከን ነው። ቶከን መንግሥት ያላተመው፣ አንድ ሱቅ ወይም ክበብ ብቻ የሚቀበለው የዕቃ መግዣ ነው። ነገሩ በአሜሪካ ጦር ዘንድ ረጅም ታሪክ አለው። ድሮ በእነሱ ምሽጎች ወታደሩ ደመወዙን የሚያገኘው በየሁለት ወሩ ነበር፤ እሱም ብዙ ጊዜ ይዘገያል። በመሃል ኪሱ ባዶ ነው። የካምፑ ነጋዴ በዱቤ ቶከን ይሰጠዋል፣ ደመወዝ ሲመጣ ሂሳቡን ይቆርጣል። ቶከኑ ሌላ ሱቅ ስለማይሠራ ወታደሩ ተመልሶ እዚያው ነው የሚገዛው። በ1895 እ.ኤ.አ. ጦሩ የካምፕ ሱቆችን በራሱ ሥር አደራጀ፤ ቶከኑ ግን አልቀረም። ፀጉር ቤቱ፣ ቢራ ቤቱ፣ የበታች ሹማምንት ክበቡ ሁሉ የየራሱን አስቀረጸ። ዋናው ነገር ርካሽ መሆኑ ነበር፤ ለዚህ ነው ብዙዎቹ ስስ ናስ ወይም አሉሚኒየም የሆኑት፣ አንዳንዶቹም ጀርባቸው ባዶ የቀረው። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፍጋኒስታን ላይ ደግሞ ከካርቶን ሠርተዋቸዋል። ሳንቲም በአውሮፕላን መጫን ከበዳቸው!

የደበዘዘውን ፊደል ለማንበብ የስልክህን መብራት ከጎን፣ ዝቅ አድርገህ አብራበት። ከላይ ካበራህ ያንጸባርቅብሃል እንጂ ምንም አይታይህም። ከጎን ሲሆን ትንሿ ስርጉድ ሁሉ ጥላ ትጥላለች፣ ፊደሉም ብቅ ይላል። የክፍሉ ወይም የክበቡ ስም ከወጣ ትልቅ ነገር ነው። ቁጥር ብቻ ከሆነ የየት ካምፕ እንደሆነ ብረቱ ብቻውን አይነግርህም፤ ያኔ ተስፋህ ሴት አያትህ ላይ ነው።

ወደ ባለ ቀለሙ ልምጣ። ቃኘው ጣቢያ አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የሬዲዮ ጦር ሰፈር ነው። ቀድሞ የጣሊያን የነበረውን የሬዲዮ ጣቢያ ይዘው በ1943 እ.ኤ.አ. ገቡበት፣ በ1953 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ውል ተፈራረሙ፣ በ1977 ለቀው ወጡ። ስሙን ያገኘው ኮርያ ከዘመተው ከቃኘው ሻለቃ ነው። ሻለቃው ኮርያ ላይ የተዋጋው በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር፣ 32ኛ ሬጅመንት ሥር ነበር።

ይህ እንግዲህ ቻሌንጅ ኮይን የሚሉት ነው፤ የሚገዛበት ነገር የለም። አዛዡ ሲጨብጥህ መዳፍህ ውስጥ ያስቀምጥልሃል፣ የዚያ ክፍል ሰው ነህ ማለት ነው። መጠጥ ቤት አንዱ የራሱን አውጥቶ ጠረጴዛ ሲመታ ያልያዘ ሰው ሂሳብ ይከፍላል። ልማዱ በጦሩ ውስጥ በሰፊው የተዛመተው ቃኘው ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ደማቅ፣ ጠርዙ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ፣ ወርዱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ በእኔ ግምት የቀድሞ የጣቢያው ሰዎች ኋላ ላይ ለማስታወሻ ያሠሩት ነው።

ይህ አያሳዝንህ። እንዲያውም ጥያቄው የሚጥመው አሁን ነው። ከጊዜ በኋላ የተሠራ የማስታወሻ ሳንቲም ጎንደር አያትህ ሳጥን ውስጥ እንዴት ገባ? አስመራ ሠርተው ነበር? ድሮ የሚያውቃቸው አሜሪካዊ ልኮላቸው ይሆን? ሴት አያትህ አሉ ብለሃል። ዛሬውኑ ቡና አፍልተው ቁጭ ሲሉ ጠይቃቸው፣ ድምፃቸውንም ቅዳ። ሳጥኑን ደግሞ እስከ ታች ፈትሽ፤ የሥራ መታወቂያ፣ ፎቶ፣ ፖስታ ሊኖር ይችላል። የተገኘውን ሁሉ አብረህ አስቀምጥ፣ አትለያየው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ቁጥር ብቻ ያለው ቶከን ብዙ አያወጣም። የካምፕ ስም ያለው ይሻላል። ከባለቤቱ መታወቂያና ታሪክ ጋር ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። ኢንተርኔት ላይ ሻጭ የጠራውን ዋጋ አትመን፣ የተሸጠበትን ፈልግ። ፒያሳ ብር ሠሪ ጋ መዝነው፤ ግን ለናስ በኪሎ ሂሳብ የሚነግርህን ዋጋ ከቁም ነገር አትቁጠረው። ኢንቦክስ ገብቶ «ወደ ውጭ ላክልኝ» የሚልህ ሰው ካለም ተጠንቀቅ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ክልክል ነው፣ ምን እንደያዝክ ሳታጣራ ምንም አትላክ።

እስከዚያው ለየብቻ በወረቀት ፖስታ አድርጋቸው። ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ ጋር አረንጓዴ ሙጫ ነገር ይለቅባቸዋል። የጎንደር ክረምት ርጥበቱ ከባድ ስለሆነ ከጫማ ካርቶን የምታገኛትን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብረህ ክተት። ክብደቱን፣ ወርዱን፣ ማን ዘንድ እንደተገኘ ፖስታው ላይ በእርሳስ ጻፍ፤ ሳንቲሙን ከመክተትህ በፊት ይሁን።

ፎቶውን እዚሁ ስትለጥፍ ሁለቱንም ፊትና ጠርዙን አንሳ፣ ጎኑ ማስመሪያ አስቀምጥ። ፊደሉን አብረን እናነበዋለን።