የጋራዥ ወለልን በኢፖክሲ ስለ መቀባት፦ ጥያቄና መልስ

ኢፖክሲ ሬዚንና ማጠንከሪያ የተባሉ ሁለት ፈሳሾች ተዋሕደው የሚጠነክር የወለል ሽፋን ነው። ከመቀባቱ በፊት ስለሚደረገው የኮንክሪት ወለል አዘገጃጀትና ስለ አቀባቡ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች መካከል በብዛት የተደጋገሙትን መርጬ እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዓምና ያስቀባሁት ወለል የተላጠው የመኪናው ጎማዎች በሚያርፉባቸው ቦታዎች ብቻ ነው። ኢፖክሲው መናኛ ስለነበረ ይሆን?

መልስ፦ ኢፖክሲውን ከመውቀስዎ በፊት ከተላጠው ቁራጭ አንዱን ገልብጠው ጀርባውን ይመልከቱ። ግራጫ የሲሚንቶ ዱቄት ይዞ ከተነሣ፣ የለቀቀው ኢፖክሲው ሳይሆን ከሥሩ ያለው ደካማ የኮንክሪቱ ገጽ ነው። ጀርባው ንጹሕና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ ከመነሻውም አልያዘም፤ ወለሉ ከመጠን በላይ ልሙጥ ነበር ወይም ቅባት ነበረበት። ከመንገድ የተመለሰ ጎማ ትኩስ በመሆኑ ሽፋኑን ያለሰልሰዋል፤ ሲቀዘቅዝም እየተኮማተረ ይጎትተዋል። በሚገባ የያዘ ሽፋን ይህን ይችላል፣ ያልያዘው ግን መጀመሪያ የሚለቀው እዚያው ነው።

ጥያቄ፦ ወለሉን በአሲድ ማጠብ ይበቃል ወይስ የግድ መፈጨት አለበት?

መልስ፦ ለእኔ ቢተው ሁልጊዜ በአልማዝ ዲስክ መፍጨትን እመርጣለሁ። አሲድ የሚበላው ሲሚንቶውን ብቻ ስለሆነ ቅባትንም ሆነ አሮጌ ቀለምን አያነሣም፤ በዚያ ላይ ተደጋጋሚ እጥበትና ረጅም የማድረቂያ ጊዜ ይጠይቃል። አሲድን መጠቀም ግድ ከሆነብዎ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ ፈጽሞ አይጨምሩ። ሲፈጩ የሚፈልጉት መካከለኛ የብርጭቆ ወረቀት የሚመስል ሻካራነት ነው። የሚነሣው አቧራ ሳንባን የሚጎዳ ሲሊካ ስላለው መፍጫው ከአቧራ መሳቢያ ጋር ይያያዝ፤ ተራ የጨርቅ ጭንብልም አይበቃም። ሲጨርሱ እዚህም እዚያም ውሃ ጠብ ያድርጉ። ጠብታው ፈጥኖ ከሰረገ ወለሉ ዝግጁ ነው፤ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከቆመ ግን ሥራው አላለቀም።

ጥያቄ፦ የሞተር ዘይት የጠጣውን ቦታስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ ከመፍጨትዎ በፊት በቅባት ማስለቀቂያ ፈትገው ያጥቡት፣ ይደጋግሙት፤ ከዚያ ያንኑ የውሃ ጠብታ ሙከራ ያድርጉ። ዘይቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ አልለቅ ካለ ቦታውን ቆፍሮ በኢፖክሲ መሙያ መጠገን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ወለሉ ከተሞላ አንድ ወር ሆኖታል፣ ሲነኩትም ደረቅ ነው። ልጀምር?

መልስ፦ 28 ቀን የተለመደው ዝቅተኛ ጊዜ እንጂ መድረቁን የሚያረጋግጥ አይደለም። በየአቅጣጫው 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉና 24 ሰዓት ይቆዩ። ላስቲኩ ሥር ጤዛ ከተጠራቀመ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ እርጥበት ከታች እየመጣ ስለሆነ አይቀቡ። በደረቅ ወራት የተገኘ ጥሩ ውጤት ግን ለዝናቡ ወራት ዋስትና አይሆንም፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ገና ግማሹን ሳልቀባ ባልዲው ውስጥ ያለው ጨሶ ደረቀብኝ።

መልስ፦ እኔም በጀማሪነቴ አንድ ሙሉ ባልዲ እንዲሁ አጥፍቻለሁ። ሬዚኑና ማጠንከሪያው ሲዋሐዱ ሙቀት ያመነጫሉ፤ በባልዲ ተከማችቶ ሲቀመጥ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ራሱን እያፋጠነ ይጠነክራል። ስለዚህ በአምራቹ መጠን መሠረት በጥቂት በጥቂቱ ያዋሕዱ፣ እንዳዋሐዱም ወለሉ ላይ በመስመር አፍስሰው በሮለር ያዳርሱት። የባልዲውን ግድግዳ ፍቀው አያፍስሱ፤ እዚያ የሚቀረው ያልተዋሐደ ስለሆነ ወለሉ ላይ የማይደርቅ ሙጫ ይሆንብዎታል።

ጥያቄ፦ ጠዋት የቀባሁት ረፋዱ ላይ በአረፋ ተሞላ።

መልስ፦ ኮንክሪት ሲሞቅ በቀዳዳዎቹ ያለው አየር ይሰፋና ሽፋኑን እየበሳ ይወጣል። ወለሉ መቀዝቀዝ ሲጀምር፣ ማለትም አመሻሹ ላይ ይቀቡ፤ የወለሉ ሙቀት ግን አየሩ ጤዛ ከሚጥልበት መጠን ቢያንስ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ መብለጥ አለበት።

ጥያቄ፦ መኪናዬን መቼ ላስገባ?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በኋላ በእግር መርገጥ ይቻላል። ለመኪና ግን፣ ቆርቆሮው ላይ ያነሰ ቀን ካልተጻፈ በቀር፣ 7 ቀን ይታገሡ፤ ቅዝቃዜ ካለ ከዚያም በላይ።