ጥያቄና መልስ፦ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች

የዛሬው ርዕስ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የቀሩት ጥንታዊ የአገር በቀል ደኖች ናቸው። መላሹ በደን ሙያ የቆየ አባላችን ነው። ከመጀመሩ በፊት የጻፈው ማሳሰቢያ፦ «ስትጠይቁ ቦታው ደጋ ይሁን ወይና ደጋ፣ የደኑ ስፋት ስንት እንደሆነ፣ ከብት ይግባ አይግባ አብራችሁ ጻፉ።»

ጠያቂ (ከእስቴ)፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። የደብራችን ደን ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጽዱም ወይራውም አለ። አደጋ ላይ ነው የሚባለው ለምንድን ነው?

መላሽ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሩቅ የሚያዩት የሽማግሌዎቹን ዛፎች አናት ነው። ይግቡና ከሥር ያለውን ይቁጠሩ። 5 ሜትር በ5 ሜትር በገመድ ይከልሉ፤ አምስት ቦታ ከዳር፣ አምስት ከመሐል። ከጉልበት በታች ያለውን ቡቃያ፣ ከጉልበት እስከ ደረት የደረሰውንና ከዚያ ያለፈውን ለየብቻ ይመዝግቡ። ጥቅምት ላይ ቆጥረው ግንቦት ላይ እዚያው ቦታ ይድገሙት። ትንንሹ በዝቶ መካከለኛው ከጠፋ፣ የበቀለው በከብት እየተጋጠና እየተረገጠ ነው። ትንሹም ከሌለ ዘር የለም ወይም መሬቱ ተጠቅጥቋል።

አፈር ውስጥ የተቀበረ ዘር ያወጣናል ብላችሁ አትጠብቁ። በእነዚሁ ደኖች አፈር ላይ በተደረገ ጥናት በብዛት የተገኘው የሣርና የአረም ዘር ነው፤ የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ አይቆይም። ሌላው የሚረሳው ነገር፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ወንድና ሴታቸው የተለያየ ዛፍ ነው። የቀሩት ሦስት ዝግባ ብቻ ሆነው ሦስቱም ሴት ከሆኑ ዘር የለም። ለዚህ መፍትሔው ከአጎራባች ደብር ዘር ማምጣት ነው።

ጠያቂ (ከደብረ ታቦር)፦ ሰበካ ጉባኤው ካብ ለመካብ ወስኗል። ደኑ 5 ሔክታር ገደማ፣ ደጋ ነው፤ ከብት ይገባል። በምን ልክ እንካበው?

መላሽ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር ሲያሠሩ የቆዩት ካብ ብዙ ቦታ ውጤት አምጥቷል።

መጀመሪያ ካቡን ዛፉ ግርጌ አትካቡት። 5 ሔክታር ክብ ደን ዙሪያው 793 ሜትር ያህል ነው። ነፋስና ፀሐይ ከዳር 50 ሜትር ዘልቀው ቢያደርቁት ደህና ሆኖ የሚቀረው መሐል 1.8 ሔክታር ብቻ ነው። ካቡን 20 ሜትር ወደ ውጭ ብታወጡት ዙሪያው 918 ሜትር ይሆናል፤ 125 ሜትር ካብ ጨምራችሁ 1.7 ሔክታር ታገኛላችሁ። ያ መሬት ደኑ ራሱ የሚሰፋበት ነው። የገበሬ ማሳ ከሆነ ግን በስምምነት ብቻ።

መሠረቱን ጠንካራ አፈር እስክታገኙ፣ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። ግርጌው 80፣ አናቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር ይሁን። በዚህ ልክ ለአንድ ሜትር 0.72 ሜትር ኩብ፣ ለ918 ሜትር 660 ሜትር ኩብ ገደማ ድንጋይ ይፈጃል። ሁለቱን ፊት እየካባችሁ መሐሉን በጠጠር ሙሉ፤ በየሜትሩ ከፊት እስከ ፊት የሚደርስ ረጅም ድንጋይ አጋድሙ። ያለዚያ መሐሉ ያብጥና ካቡ ለሁለት ይከፈላል። ጎርፍ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ቀዳዳ ተዉ። የታቆረ ውኃ በአንድ ክረምት ይጥለዋል።

ድንጋዩን ከእርሻ ልቀሙ፤ ገበሬውም ማሳው ይጸዳለታል። ከእርከን አታፍርሱ፤ ከደኑ ውስጥም አንድ ድንጋይ አታውጡ፣ አፈሩን የያዘው እሱ ነው። በር ሕዝቡ በለመደው መግቢያ ሁሉ ይኑር፤ ከዘጋችሁት ሰው ካቡን ንዶ ያልፋል። በሩ ራሱን የሚዘጋ ይሁን፤ ለንግሥ ተከፍቶ ያደረ በር የዓመቱን ቡቃያ ያስበላል።

ጠያቂ፦ ምን ዓይነት ችግኝ ቢተከል ጥሩ ነው?

መላሽ፦ የት?

ጠያቂ (ከዋሽንግተን)፦ እዚህ ያለን ምእመናን ለደብራችን አሥር ሺህ ችግኝ የሚሆን ገንዘብ አሰባስበናል። ሐምሌ ላይ ይተከላል። ምን ይመክሩናል?

መላሽ፦ ከብት ይገባል?

ጠያቂ (ከዋሽንግተን)፦ በበጋ ይገባል ይላሉ።

መላሽ፦ እንግዲያው ገንዘቡን ለካብና ለሦስት ዓመት የጠባቂ ደመወዝ አድርጉት። ከብት ሳይወጣ አትትከሉ። ሐምሌ የተተከለው ጥር ላይ አይገኝም። ከካቡ በኋላ ሁለት ክረምት ጠብቁ፤ ራሱ የሚበቅለውን አይታችሁ የጎደለውን ብቻ ትተክላላችሁ።

አባል (ከባሕር ዳር)፦ ከሁሉ በፊት ባሕር ዛፉ ተነቅሎ ይውጣ። ከሥሩ ሣር እንኳ አይበቅልም።

አባል (ከፎገራ)፦ ወንድሜ፣ የደብሩን ቆርቆሮ የገዛው ባሕር ዛፍ ነው። እሱ ባይኖር ለማገዶና ለምሰሶ የሚቆረጠው ወይራው ነበር።

አባል (ከባሕር ዳር)፦ ስለዚህ ቅጽሩ ውስጥ ይተከል እያልክ ነው?

አባል (ከፎገራ)፦ አላልኩም! ሣር የማይበቅለው ቅጠሉን ጠርገው ለማገዶ ስለሚወስዱት ነው እንጂ፣ ያልተጠረገበት ቦታ ጽድ ከሥሩ ይበቅላል።

መላሽ፦ ይብቃችሁ። ከካቡ ውስጥ አዲስ ባሕር ዛፍ አይተከልም፤ ከውጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ውስጥ ያለውን ባንድ ጊዜ አትጨፍጭፉ፤ ከሥሩ የአገር በቀል ቡቃያ ካለ በድንገት ፀሐይ ያቃጥለዋል፣ ግንዱም ሲወድቅ ይሰባብረዋል። በየበጋው ሲሶውን፣ ወደ ውጭ እየጣላችሁ ቁረጡ። ጉቶውን እስከ አፈሩ ልጣችሁ አፈር አልብሱት፤ ቢያቆጠቁጥ እየደጋገማችሁ ስበሩት።

ጠያቂ (ከአዲስ ዘመን)፦ የራሳችን ችግኝ ጣቢያ አለን። የወይራና የጽድ ዘር አልበቅል አለን።

መላሽ፦ ወይራ ሥጋውን አጥባችሁ አንጠፍጥፉ፤ ከዚያ ቅርፊቱን በፒንሳ በቀስታ ሰንጥቁ፣ ውስጡን ሳትነኩ። ካልተሰነጠቀ ወራት ይፈጃል። ጽድ ብዙው ዘሩ ባዶ ነው፤ ውኃ ውስጥ ጨምሩት፣ የተንሳፈፈውን ጣሉ፣ ከዚያም አብዝታችሁ ዝሩ። ጥቁር እንጨት ሲደርቅ ይሞታል፤ በለቀማችሁ ሰሞን ዝሩት። የኮሶ ዘር ደቃቅ ነው፤ ከላይ በትናችሁ ስስ አሸዋ ብቻ። በጥልቀት ከቀበራችሁት አይወጣም።

ስትተክሉ ፕላስቲኩን አውልቁ። ሥሩ ከታች ተጠምዝዞ ከሆነ ያንን ክፍል በምላጭ ቁረጡት፤ ተጠምዝዞ የተተከለ ጥቂት ዓመት ኖሮ በነፋስ ይወድቃል። ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ከአንድ ወር በፊት የተቆፈረ ይሁን።

ጠያቂ፦ የካርቦን ክፍያ፣ ማለትም ደኑ ከአየር ስቦ ለሚይዘው ካርቦን የሚከፈለውን ገንዘብ፣ እናገኝበት ይሆን?

መላሽ፦ ለአንድ ደብር 5 ሔክታር ካርቦኑን የመለካቱ ወጪ ገቢውን ይበላዋል። ይለፈን።

ጠያቂ፦ ሕጉስ ምን ይላል?

መላሽ፦ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010ን አንብቡ። የይዞታ ማረጋገጫችሁን ይዛችሁ ወረዳውን ጠይቁ።

ጠያቂ፦ ምን ዓይነት ችግኝ ይተከል የሚለው ጥያቄዬ አልተመለሰም።

መላሽ፦ ቦታው አልተጻፈማ! ለደጋ ኮሶና ጽድ፣ ለወይና ደጋ ዋንዛና ብሳና ይሆናል፤ ወይራ ለሁለቱም። ግን ከብት ሳይወጣ አትትከሉ።

ጠያቂ (ከዘጌ)፦ የእኛ ደን ከቡና ጋር ነው። የወደቀ ግንድ እናውጣ? ለንግሥም ሥር ሥሩን እንመነጥራለን።

መላሽ፦ ለቡና ብላችሁ ሥር ሥሩን ስትመነጥሩ የነገውን ዛፍ አብራችሁ ታጭዳላችሁ። ከመመንጠራችሁ በፊት የዛፍ ቡቃያውን በቀይ ጨርቅ አስራችሁ አልፉት። የወደቀ ግንድ አይወጣም፤ እርጥበት ይይዛል፣ አጠገቡ የበቀለውም ከእግር ይድናል። መንገድ የዘጋውን ብቻ ቆርጣችሁ ወደ ጎን ጎትቱት። የሲሚንቶ መቃብሩንም ከዛፍ ሥር አርቁ፤ ለእሱ ሲቆፈር የሚቆረጠው ሥር ትልቁን ዛፍ ቀስ በቀስ ያደርቀዋል።