በአህያ ላይ ሆኖ ፈረስ ፍለጋ

ከዱከም ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎች በአጭሩ ልንገራቸው። በሒሳብ አያያዝ ተመርቀሽ በአንድ ፋብሪካ የንብረት ክፍል ጸሐፊ ነሽ። ሁለት ዓመት ማታ ማታ ቻይንኛ ተምረሽ ኤችኤስኬ የሚባለውን የቻይንኛ ችሎታ መመዘኛ ፈተና አራተኛ ደረጃ አልፈሻል። አሁን አንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ለአስተርጓሚነት ቃለ መጠይቅ ጠርቶሻል። የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው፦ ከስልክሽ ከሸመደድሻቸው ሃምሳ የቻይና ምሳሌያዊ አነጋገሮች የትኞቹን ብትናገሪ እንደሚያምርብሽ፣ ለመዘጋጃም ሥራሽን ከወዲሁ ብትለቂ ምን እንደሚመስለኝ።

ሁለተኛው ቀላል ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። አትልቀቂ። ቻይናዎች ራሳቸው «ቺ ልዩ ጃው ማ» የሚል አነጋገር አላቸው፤ በአህያ ላይ ተቀምጦ ፈረስ መፈለግ ማለት ነው። ይህን የሚሉት ልክ አንቺ ላለሽበት ሁኔታ፣ ባለው ሥራ ላይ ሆኖ የተሻለ ለሚፈልግ ሰው ነው። ጓደኞችሽ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ብለውሻል። እውነታቸውን ነው፤ ግን ተረቱ የሚናገረው ሁለቱን ዛፍ ባንድ ጊዜ ሊወጣ ስለሚሞክር ሰው ነው። በአህያ የተቀመጠ ሰው የተቀመጠው ባንድ እንስሳ ላይ ብቻ ነው። ለዝግጅት የሚሆንሽን ጊዜ ከዓመት ዕረፍትሽ ላይ ሦስት ቀን ውሰጂ፣ ይበቃሻል። ብቻ ይህን አነጋገር በቃለ መጠይቁ ላይ እንዳታነሺው። ዛሬ አህያ የተባለው የአሁኑ አሠሪሽ ነው፤ ጠያቂው ደግሞ የነገው አህያ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም።

አሁን ወደ ላክሽልኝ የሥራ ማመልከቻ። «ቻይናውያን እንደሚሉት ቀውስ ማለት አደጋና መልካም አጋጣሚ ማለት ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ዛሬውኑ አውጪው። ይህ አባባል በሰፊው የተሠራጨው በእንግሊዝኛ ነው። ጆን ኤፍ ኬኔዲም እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 በንግግሮቻቸው ተጠቅመውበታል። ቻይንኛ የሚያውቅ ሰው ግን ፈገግ ይልብሻል። ቀውስ ማለት በሆነው «ዌይጂ» በሚለው ቃል ውስጥ «ዌይ» አደጋ መሆኑ እውነት ነው፤ «ጂ» ግን ብቻውን አጋጣሚ ማለት አይደለም፤ እዚህ ቦታ ላይ ወሳኙን መታጠፊያ ነው የሚያመለክተው። ያው «ጂ» «ፌይጂ» በሚለው ውስጥም አለ፤ ፌይጂ ደግሞ አውሮፕላን ነው። ቻይንኛ አውቃለሁ ብለሽ የፈረንጅ ወሬ ይዘሽ መቅረብ አያምርብሽም።

በዚያው ማመልከቻ «ቻይንኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ» ብለሻል። በቆየው ባለ ስድስት ደረጃ የኤችኤስኬ ሥርዓት አራተኛው ደረጃ የሚጠይቀው 1,200 ቃላት ነው፤ ስድስተኛው 5,000። ሃን ፌይ የተባለው ቻይናዊ ፈላስፋ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የጻፈው አንድ ታሪክ አለ። ቺ የተባለው የጥንት የቻይና ግዛት ንጉሥ ሹዋን «ዩ» የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የሚወደው በሦስት መቶ ሰው ባንድነት ሲነፋ ነበር። ናንጉዎ የሚባል ሰው መንፋቱን ሳያውቅ ከመካከላቸው ገብቶ ቀለቡን እየበላ ኖረ። ንጉሡ ሞተና ልጁ ሚን ነገሠ። ሚን የሚወደው ግን አንድ በአንድ ሲነፉ መስማት ነበር፤ ናንጉዎም እግሬ አውጪኝ አለ። ይህ ታሪክ ዛሬ ባለ አራት ቃል አነጋገር ሆኖ፣ «ላን ዩ ቾንግ ሹ» እየተባለ፣ ችሎታ ሳይኖረው ቁጥር ለሚሞላ ሰው ይነገራል። ቃለ መጠይቅ ደግሞ አንድ በአንድ የሚነፋበት ቦታ ነው። «አራተኛ ደረጃ አልፌአለሁ፣ ለአምስተኛው እየተዘጋጀሁ ነው» ብለሽ ጻፊ።

ስለ ሃምሳው አነጋገር ያለኝን ለመናገር አንድ ያየሁትን ላጫውትሽ። ከዓመታት በፊት በአንድ ግንባታ ላይ በሠራተኛ አስተዳደር ስሠራ፣ ሌሊት በጣለ ዝናብ የመጋዘኑ ጣሪያ አፍስሶ ብዙ ከረጢት ሲሚንቶ ረጠበ። ጠዋት ቻይናዊው ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛውን ሰብስቦ ትንሽ ከተናገረ በኋላ «ዋንግ ያንግ ቡ ላው» አለ። በግ ጠፍቶ በረት መጠገን ማለት ነው። አስተርጓሚው ፈጣን ልጅ ነበር፤ ዓይኑን ሳያሽ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላችኋል» አለ። የመጋዘኑ ዘበኛ ሌሊቱን ሙሉ ብቻውን ሸራ እየጎተተ ከረጢት ሲሸፍን ያደረ፣ ልብሱ ገና ያልደረቀ ሽማግሌ ነበር። ምንም አልተናገረም፤ የመጋዘኑን ቁልፍ ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ምን እንደተፈጠረ አልገባውም። እርሱ ያለው የዚህን ተቃራኒ ነበርና!

አነጋገሩ የመጣው ቻይና በብዙ ተዋጊ መንግሥታት ተከፋፍላ ከነበረችበት፣ ከተፋላሚ መንግሥታት ዘመን ነው። ዡዋንግ ሺን የሚባል አማካሪ፣ ምክሩን ባለመስማቱ መዲናውን ለጠላት ላስረከበው ቹ ለሚባለው መንግሥት ንጉሥ ሲናገር፣ ጥንቸሏን ካዩ በኋላ ውሻ መጥራት አልዘገየም፣ በግ ከጠፋ በኋላ በረት መጠገንም አልዘገየም አለው። ውሻውን ልብ አድርጊልኝ። የእኛ ውሻ ጅቡ ከሄደ በኋላ ስለጮኸ ይሳቅበታል፤ የእነርሱ ውሻ አሁን ቢጠራም ይደርሳል። ሥራ አስኪያጁ ያለው «ጣሪያውን ዛሬ እናድስ፣ ገና አልመሸም» ነው። ሁለቱ ተረቶች ከሩቅ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ፤ አንዱ ግን ያጽናናል፣ ሌላው ይወቅሳል። ዘበኛውን ለምነን የመለስነው በሦስተኛው ቀን ነው።

ስለዚህ የምትቀጠሪው ተረት እንድታወሪ አይደለም፤ ሌላው ሲያወራ እንድትሰሚ ነው። ሃምሳውን ወደ አሥር አውርጂው። ለያንዳንዱ ታሪኩን፣ በምን ስሜት እንደሚነገር፣ የአማርኛው አቻ የሚመስለው ነገር ትርጉሙን ይገለብጠው እንደሆነ በደብተርሽ ጻፊ። ስትጠራጠሪ ተረቱን ተረት ለማድረግ አትድከሚ፤ ፍሬ ነገሩን በተራ አማርኛ ተናገሪ። «ገና አልረፈደም፣ እንጠግነው» ቢባል ዘበኛው ቤቱ አይሄድም ነበር።

ደስ የሚልሽ ሌላ ዓይነትም አለ፣ «ሺዬሆውዩ» ይባላል። ተናጋሪው መጀመሪያውን ብቻ ብሎ ዝም ይላል፣ ቀሪውን ሰሚው ይሞላል። «የእህት ልጅ ፋኖስ ያዘ» ቢልሽ ቀሪው «ጃው ጂዮ» ነው፤ ለአጎቱ አበራለት ማለት ነው። ግን «አጎት» እና «የድሮ» በጽሑፍ ይለያዩ እንጂ በድምፅ አንድ ናቸው፤ «ጃው ጂዮ» ደግሞ «እንደ ድሮው» ማለትም ነው። ሰሙ አጎት፣ ወርቁ እንደ ድሮው። ቅኔ ከሰማ ጆሮ ለዚህ የቀረበ ጆሮ አላውቅም። ሥራው እንዴት ነው ተብሎ ተጠይቆ «የእህት ልጅ ፋኖስ ያዘ» ያለ መሐንዲስ፣ ስለ መብራት ችግር የሚያወራ ከመሰለሽ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልትጠሪበት ነው።

በቃለ መጠይቁ አንድ ብቻ ተናገሪ ካልሽኝ፣ ቻይንኛን እንዴት ተማርሽ ሲሉሽ የሚሆን አለ፦ «ሺፉ ሊንግ ጂን መን፣ ሺዩሺንግ ዛይ ገረን»። መምህሩ ከደጃፉ ያስገባል፣ የቀረው የራስ ትጋት ነው። ካልጠየቁሽ ተዪው።

ይልቅ በደብዳቤሽ አንዴም ያላነሣሽው ሀብት አለሽ፤ እንዲያውም በንብረት ክፍል መሥራትሽን እንደ ማፈሪያ ነው የጻፍሽው። ከመማሪያ ክፍል በቀጥታ የመጣ አስተርጓሚ ብዙውን ጊዜ ኩሽኔታን ከቡሎን አይለይም። አንቺ በየቀኑ እየቆጠርሽ ታወጪያለሽ። ከዛሬ ጀምሮ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ፣ ኩሽኔታውን፣ ቺንጊያውን፣ ቡሎኑን ከነቻይንኛ ስሙ ጻፊ፤ ካርቶኑ ላይ ስሙ በቻይንኛ ታትሞ የመጣም አይጠፋም። ኩሽኔታ «ጆውቼንግ» ነው። ለመንገዱ ሥራ ደግሞ ፌሮን ጨምሪበት፣ «ጋንግጂን»። ሃምሳ ተረት የሸመደደ ጭንቅላት ለሁለት መቶ ዕቃ ስም አያንስም።

«አቀላጥፌ» የሚለው ከወጣ በኋላ የማመልከቻውን ሁለተኛ ረቂቅ ላኪልኝ፤ አየዋለሁ።