ጅራፉ ለምን ይዘገያል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ የጌም አምድ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አዳማ ነው የምኖረው፣ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ባለፈው እትም ላይ "ከድሮ ጌሞች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ካስልቫኒያን ነው የምመርጠው" ብለህ ጽፈህ ነበር። አምኜህ ሞከርኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ አናደደኝ። ጅራፍ ይዞ ድራኩላን ሊገድል የሚገባው ሰውዬ አንዴ ከዘለለ አየር ላይ አይታጠፍም። ጅራፉ በተኑን ከተጫንኩ በኋላ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። አንዲት የሌሊት ወፍ ስትነካው ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ገደል ይገባል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ እነዚያ የሚበሩ ራሶች ደጋግመው ሲጥሉኝ ተውኩት። ምኑ ነው የሚወደደው? ወይስ ልጅ ሆነው የተጫወቱት ሰዎች ናፍቆት ነው?

መልስ፦ ያማረርክባቸው ሦስቱም ነገሮች እውነት ናቸው። እኔ ግን ጌሙን የወደድኩት በእነሱው ነው። ናፍቆት እንዳትለኝ ደግሞ፣ ልጅ ሆኜ አላየሁትም። እኛ ሰፈር የነበረው በሰዓት የሚከፈልበት ፕሌይስቴሽን ቤት ነው፣ እዚያ የነገሠው ደግሞ ኳስ ነበር። ሰዓቱ እየቆጠረ፣ ተራ የሚጠብቅ ልጅ ከኋላህ ቆሞ፣ እንዲህ ዓይነት ጌም አይለመድም። ካስልቫኒያን ያገኘሁት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው፣ ማታ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ ማንም ሳያጣድፈኝ።

ከጅራፉ እንጀምር። ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ አጩኸህ ታውቃለህ? ካወቅህ ነገሩ ይገባሃል። ጅራፍ ዝም ብሎ ወደ ፊት አይሰነዘርም። መጀመሪያ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ክንድህ ይከተለዋል፣ ከዚያ ነው የሚጮኸው። የጌሙ ጀግና ሳይመን ቤልሞንትም እንደዚያ ነው። በተኑን ስትጫን ክንዱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጅራፉ ከጀርባው ለቅጽበት ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ይዘረጋል። ከሰከንድ በጣም ያነሰች ጊዜ ናት። ግን በዚያች ጊዜ ውስጥ የሌሊት ወፏ ቦታ ቀይራለች። ስለዚህ አሁን ያለችበትን ብትመታ አየር ነው የምትመታው፣ የምትደርስበትን መምታት አለብህ። ይሄ አንዴ እጅህ ውስጥ ከገባ የሚሰጠው ደስታ በቃል ለማስረዳት ይከብዳል።

ዝላዩም እንደዚያው። ሱፐር ማሪዮ በ1985 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አየር ላይ ሆነህ ሐሳብህን እንድትቀይር ፈቅዶልሃል። በዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 1986 እ.ኤ.አ.፣ ኮናሚ የተባለው ኩባንያ ካስልቫኒያን ጃፓን ውስጥ ፋሚኮም ለሚባለው የኒንቴንዶ የጌም ማሽን አወጣና ይሄን ነገር ከለከለ። አንዴ ከዘለልክ ዘለልክ። እግርህ ከመሬት ከተነሣ በኋላ የት እንደምታርፍ ተወስኗል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ጌሙ ጎቲክ፣ ማለትም የድሮ ግንብና የጨለማ አስፈሪ ታሪክ ዓይነት ነው ይባላል። ደም መጣጩ ድራኩላ አለ፣ የፈራረሰ ግንብ አለ፣ የተቀዳደደ መጋረጃና ሻማ የበራበት አዳራሽ አለ። ግን ሥዕሉን አይተኸዋል፣ ትንንሽ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ነው። በዚያ ሥዕል ዛሬ ማን ይፈራል? ፍርሃቱ የሚመጣው ከእግርህ ነው። መልሰህ የማታመጣው ዝላይ ስለሆነ ገደሉ ጫፍ ላይ ትቆማለህ። ትንፋሽህን ትይዛለህ። ትቆጥራለህ። በዘመኑ የነበረው ቴክኖሎጂ በሥዕል ሊሠራው ያልቻለውን ጭንቀት በእንቅስቃሴ ሠሩት። ሳይመን እንደ ልቡ አየር ላይ የሚታጠፍ ቢሆን ኖሮ ያ ቤተ መንግሥት ተራ የካርቱን ቤት ነበር የሚሆነው።

አንድ ቦታ ልንገርህ። ጌሙ 6 ደረጃ አለው፣ ሁሉም ሲደመር 18 ክፍል ነው። አምስተኛው ደረጃ መጨረሻ ላይ ማጭድ የያዘው ሞት ራሱ ይጠብቅሃል። እሱ ጋ የሚያደርስ አንድ ኮሪደር አለ። ጥሩር የለበሱ መጥረቢያ ወርዋሪዎች መንገድ ዘግተዋል። እያንዳንዳቸው ብዙ ምት ይችላሉ። መጥረቢያው አንዴ በራስህ ከፍታ፣ አንዴ በእግርህ ከፍታ ይመጣል፣ አንዱን ስትዘል አንዱን ትጎነበሳለህ። እነዚያ ያናደዱህ የሜዱሳ (በግሪክ ተረት ፀጉሯ እባብ የሆነችው) ራሶች ደግሞ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ እያሉ ያለማቋረጥ ይመጣሉ። እዚያ ስትደርስ አራት ጊዜ ከተመታህ አለቀልህ።

እኔ እዚያ ኮሪደር ውስጥ ሁለት ሳምንት ቆይቻለሁ። በመጨረሻ ያሳለፈኝ ፍጥነት አይደለም። ጠበሉ ነው። በጌሙ ውስጥ ጠበል የያዘ ጠርሙስ አለ፣ ስትወረውረው መሬት ላይ ይነድዳል፣ ነበልባሉ የነካው ጠላት እዚያው ደርቆ ይቀራል። ባለ መጥረቢያው ነበልባሉ ላይ ቆሞ ሳለ በጅራፍ ትጨርሰዋለህ። ግን ጠበሉን እስከዚያ ድረስ ይዘህ መድረስ አለብህ። ከሞትክ ይጠፋል። ሻማ መትተህ የወደቀውን ሌላ መሣሪያ ካነሣህም ይቀየርብሃል። ስለዚህ ሻማ ሁሉ አይመታም፣ የወደቀ ሁሉ አይነሣም። ጠበሉን ይዘህ ሞት ክፍል ከገባህ ደግሞ ሞትንም እዚያው አድርቀህ ማቆም ትችላለህ። ያን ምሽት ከወንበሬ ተነሥቼ ነው የጮህኩት።

አንተ እዚያ ከመድረስህ በፊት ሁለተኛው ደረጃ ላይ ይሄን ሞክር። ገደሉ ጫፍ ላይ ቁም። አትዝለል። አንዷ ራስ ሙሉ መንገዷን ስትሄድ ዝም ብለህ እያት። ሁሌም በዚያው ማዕበል ነው የምትሄደው፣ አታታልልህም። ከመጣችብህ ወይ ቆመህ ምታት ወይ ተጎንብሰህ አሳልፋት፣ ከዚያ ዝለል። ብትሞትም የፈለግከውን ያህል ጊዜ "ኮንቲኒዩ" ማለት ይፈቀዳል፣ ከያዝከው ደረጃ መጀመሪያ ትነሣለህ። ጌሙ ጨካኝ ነው፣ ግን አይዋሽም። የሞትክበትን ምክንያት ሁሌም ታውቀዋለህ።

ጥያቄ፦ የሐዋሳ ነዋሪና የአንባቢያችሁ የአንዱ እናት ነኝ። ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ይሄንኑ ጌም ኮምፒውተር ላይ ሲጫወት አየሁት። መስቀል ይወረውራል፣ ጠበሉን እንደ ቦምብ ያፈነዳል፣ ዙሪያው ሁሉ አጽምና ሰይጣን ነው። እኔ ደስ አላለኝም። ልከልክለው ወይ?

መልስ፦ እናቴ፣ ደስ ያላለዎት ነገር ተገቢ ነው። ጠበልና መስቀል ለእኛ መጫወቻ አይደሉም፣ ስለዚህ ስክሪን ላይ ሲወረወሩ ማየት ቢጎረብጥዎት አይገርመኝም።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ልንገርዎት። ድራኩላ የአየርላንዱ ደራሲ ብራም ስቶከር በ1897 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ ነው። በዚያ ታሪክና ከእሱ በፊት በነበረው የአውሮፓ ሕዝብ እምነት ደም መጣጩ መስቀልን ይፈራል። የጃፓን ጌም ሠሪዎች ይሄን ከድሮ የፈረንጅ አስፈሪ ፊልሞች ጋር ወሰዱት። ለእነሱ መስቀሉ ድራኩላን የሚያሸንፍ መሣሪያ ነው፣ በክፉው በኩል የቆመ ምልክት አይደለም። ልጅዎ የሚጫወተውም ክፉውን ለማጥፋት ቤተ መንግሥቱን ብቻውን የሚወጣ ሰው ሆኖ ነው።

ደግሞ ይሄ ስሜት የተሰማዎት እርስዎ ብቻ አይደሉም። ጌሙ አሜሪካ ሲገባ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ መስቀሉ "ቡሜራንግ" ተብሎ ነው የተጻፈው፣ ሥዕሉ መስቀል መሆኑ እየታየ። በ1991 እ.ኤ.አ. በወጣው ሱፐር ካስልቫኒያ 4 ላይ ደግሞ ከድራኩላ መቃብር ድንጋይ ላይ የነበረውን መስቀል ለአሜሪካ ገበያ አነሡት።

ልከልክል ወይ ላሉት፣ እኔ አልከለክልም። የመጀመሪያው ጌም ላይ ያለው ሥዕል በጣም ቀላል ነው። አንድ ምሽት አጠገቡ ይቀመጡና "ይሄ ምንድነው፣ ይሄስ ማነው" ብለው ይጠይቁት፣ ሲያስረዳዎት ምን እንደገባው እዚያው ያያሉ። የማስጠነቅቅዎት ሌላ ነገር ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚሁ ስም ኔትፍሊክስ ላይ የወጣ አኒሜሽን አለ። ካርቱን ነው ብለው እንዳይተዉት፣ ለአዋቂዎች የተሠራ ነው፣ ደሙም ንግግሩም ለ13 ዓመት ልጅ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ ነው የምጽፍላችሁ። ነርስ ነኝ፣ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ስልኬ ላይ ወይም ቤት ስገባ በስዊች (የኒንቴንዶ የጌም ማሽን) የምጫወተው እፈልጋለሁ፣ ግን ጊዜም ትዕግሥትም የለኝም። ከካስልቫኒያዎቹ ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ለአንቺ "ሲምፎኒ ኦፍ ዘ ናይት" ነው የምለው። በ1997 እ.ኤ.አ. ለፕሌይስቴሽን ወጣ፣ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ስልክ ላይ አለ፣ ለአይፎንም ለአንድሮይድም። የሚከፈልበት ነው፣ ግን ብዙ አይደለም።

ይሄኛው ከመጀመሪያው በጣም ይለያል። ጀግናው አሉካርድ ነው፣ የድራኩላ ልጅ። ስሙን በላቲን ፊደል ጽፈሽ ከኋላ ወደ ፊት አንብቢው፣ የአባቱ ስም ይመጣል። አባቱን ሊያቆም ነው የገባው። አየር ላይ እንደ ልብሽ ይታጠፋል፣ እየተዋጋ ይጠነክራል፣ የከበደሽን ቦታ ትተሽ በሌላ በኩል መሄድ ትችያለሽ። ደረጃ በደረጃ መሄድ የለም፣ ቤተ መንግሥቱ አንድ ትልቅ ካርታ ነው፣ እየዞርሽ ነው የምትከፍቺው። አዲስ ችሎታ ስታገኚ ቅድም ተዘግቶ ያየሽው በር ትዝ ይልሽና ትመለሻለሽ። ጌሙ ያየሽውን የካርታ ድርሻ በመቶኛ ይነግርሻል። ጨረስኩ ስትዪ አትዝጊው፣ መቶኛው ከ200 በላይ ይሄዳል። እንዴት እንደሆነ ራስሽ ድረሺበት፣ አልነግርሽም።

አንዲት ክፍል ግን እጠቁምሻለሁ። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ጸሎት ቤት አለ፣ እዚያ በጎን በኩል እንደ ካቶሊኮቹ የንስሐ መናዘዣ ሳጥን ያለ ነገር ታያለሽ። ወንበሩ ላይ ተቀመጪ። በወዲያ በኩል የቄስ መንፈስ ይመጣል። አንዳንዴ ሰምቶሽ ስጦታ ትቶልሽ ይሄዳል፣ አንዳንዴ ግን በስለታም ነገር ይወጋሻል። ታሪኩን ለመጨረስ ይሄ ክፍል አያስፈልግም። ማንም ተጫዋች ሳያየው ሊያልፍ ይችላል፣ እነሱ ግን ቁጭ ብለው ሠሩት። የዚህ ጌም ፍቅር እንዲህ ባሉ ጓዳዎች ውስጥ ነው ያለው።

ስልክ ላይ ጣት ስክሪኑን ስለሚሸፍን ብሉቱዝ ጆይስቲክ ብትገዢ ይሻልሻል። የድሮዎቹን ስዊች ላይ ከፈለግሽ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው አኒቨርሰሪ ኮሌክሽን አለ፣ 8 ጌም በአንድ ላይ ነው፣ የመጀመሪያውም ውስጡ አለ። በፈለግሽበት ሰዓት ሴቭ አድርገሽ ለሥራ መውጣት ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ደረጃ ሙዚቃ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ማነው የሠራው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ኪኑዮ ያማሺታ ትባላለች። ከሳቶዬ ተራሺማ ጋር ነው የሠራችው። ያማሺታ ያኔ ገና ከትምህርት የወጣች ወጣት ነበረች፣ ኮናሚ ከገባች በኋላም የመጀመሪያ ሥራዋ ይሄ ነው። በጌሙ መጨረሻ ላይ ግን ስሟን አታገኘውም፣ "ጄምስ ባናና" ተብሎ ነው የተጻፈው፣ የድሮ የድራኩላ ፊልም ሙዚቃ የሠራውን የጄምስ በርናርድን ስም አጣምመው። ያን ጊዜ የሠሪዎቹን እውነተኛ ስም መደበቅ የተለመደ ነበር። ለእኔ ይሄ ዛሬም ያሳዝነኛል። ለዜማ የሚሆን ሁለት ድምፅ፣ አንድ ባስ፣ ለከበሮ ደግሞ የሹክሹክታ ዓይነት ጫጫታ፣ ከዚያ ብዙ የሚበልጥ ነገር አልተሰጣትም። እነዚያ ሁለት ድምፆች የት ላይ አብረው እንደሚሄዱ፣ የት ላይ እንደሚለያዩ ለመስማት በጆሮ ማዳመጫ ሞክረው፣ ሳይመን የመጀመሪያውን በር ሲገባ ቆም በልና አዳምጥ። ሰዓቱ እንዳያልቅብህ ብቻ፣ ከላይ በኩል እየቆጠረ ነው።