ሱስ መንገዱን የሚጠርገው ቀደም ብሎ ነው

ውድ ልጆቼ፣

ሱስ የያዛቸውን ሰዎች በማከም ሥራ ላይ ስለኖርኩ ለወጣቶች ምክር እንድሰጥ በተጠየቅሁ ቁጥር «ጠንክሩ፣ እምቢ በሉ» እንድል ይጠበቅብኛል። እኔ ግን በዚህ ቃል ብዙም አላምንም። የፈተና ማብቂያ ምሽት ነው እንበል። አራት አምስት ሆናችሁ ቆማችኋል፤ የተለኮሰው ሲጋራ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እናንተ ዘንድ ይደርሳል፤ ሁሉም ዝም ብሎ እጃችሁን ያያል። በዚያች ደቂቃ ስለ ሳንባ የተማራችሁት ትዝ አይላችሁም። ወደ ቤት የምትገቡበት የታወቀ ሰዓት ካለ፣ ነገ ማለዳ የኳስ ልምምድ የሚጠብቃችሁ ከሆነ፣ ከዚያ ቡድን ውጭም ሌላ ወዳጅ ካላችሁ ግን እምቢታው ከአፋችሁ ይወጣል።

የተጋላጭነት ነገር ለሁሉም እኩል አልተከፋፈለም። በአልኮል ሱስ ረገድ በሰዎች መካከል ከሚታየው የተጋላጭነት ልዩነት ግማሽ ያህሉ ከወላጆች በዘር ከሚወረሰው ጋር የተያያዘ ነው። አባቱ ጠጪ የሆነ ልጅ የግድ ጠጪ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ጓደኛው በቀላሉ የሚያልፈው ብርጭቆ ግን ለእሱ ሊከብደው ይችላል። በልጅነት የደረሰ ጥቃት፣ ጠብ የማያጣው ቤት፣ ሳይታከም የቆየ ድብርትም እንዲሁ ሸክሙን ይጨምራሉ። እነዚህን ማንም መርጦ አላመጣቸውም።

በእጃችሁ ካሉት ነገሮች ትልቁ ጊዜ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 15 ዓመት ሳይሞላቸው መጠጣት ከጀመሩት መካከል 40 በመቶ ያህሉ በሕይወታቸው በአንድ ወቅት የአልኮል ጥገኛ እንደሆኑ አሳይቷል፤ ከ20 ዓመት በኋላ ከጀመሩት ግን 10 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ቀድሞ መጀመር ራሱ የሌላ ችግር ምልክት ሊሆን እንደሚችል አልክድም። ቢሆንም ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ስለሚሄድ ማዘግየት ትርፍ እንጂ ኪሳራ የለውም።

ማስፈራሪያ ፖስተር ደግሞ ብዙ ሲሠራ አላየሁም። አይስላንድ ለወጣቶቿ ስፖርትና ሙዚቃ አስፋፋች፤ ወላጆችም ልጆቻቸው ምሽቱን የት እንደሚያሳልፉ እንዲያውቁ አደረገች። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው የነበሩ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች ቁጥር በ1998 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 42 በመቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 5 በመቶ ወረደ። ወላጅ ሆይ፣ ይህን የምታነብ ከሆነ «የት ነበርክ?» የሚለውን ጥያቄ እንደ መርማሪ ሳይሆን መልሱን ለመስማት እንደሚፈልግ ሰው ጠይቅ። እናንተም ብታጠፉ እንኳ የምትነግሩት አንድ አዋቂ ይኑራችሁ፤ አክስት፣ መምህር፣ አሠልጣኝ፣ ማንም ይሁን።

ቀድሞ የጀመራችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ለዚያ ሰው ንገሩት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በየቀኑ ብዙ ስትጠጡ ከቆያችሁ ብቻችሁን በድንገት አታቁሙ። የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊመጣና ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላልና አስቀድማችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።