ተልባና ቀይ ስር ይዛችሁ ፊልም ለምትሠሩ ልጆቼ

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ?

ከሠላሳ ዓመት በላይ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሐይቅ ሰርግ ስቀርጽ ኖሬያለሁ። አሁን ሥራውን ትቼ ቤት ተቀምጫለሁ። ባለፈው ክረምት ጥቂት ወጣቶች መጥተው «ጋሼ፣ የዞምቢ ኮሜዲ ልንሠራ ነው፤ ግን ብር የለንም» አሉኝ። ዞምቢ በፊልሞቹ ውስጥ ሞቶ የተነሣ፣ የሚራመድ ሙት ነው። ይህን የምጽፈው ለእነሱና እነሱን ለመሰላችሁ ሁሉ ነው።

እንዲህ ዓይነት ፊልም በጣም እወዳለሁ። ያስለመደኝ ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ ቋንቋውን ሳንሰማ እናይ ነበር። የአንዱ ጭራቅ ጭንብል ከአንገቱ ላይ ሲላቀቅ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ትንሽ ቆይቶ በር ሲንኳኳ ደግሞ ያው ሲስቅ የነበረው ሰው ሁሉ ይጮሃል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ሥራውን ከያዝኩ በኋላ ነው። ብዙ ብር የወጣበት ፊልም ላይ ተመልካች ይደነቃል፤ የሠሩትን ሰዎች ግን አያስታውሳቸውም። በትንሽ ብር የተሠራው ላይ እጃቸው ይታያል። ጭንብሉን ማን እንደሰፋው፣ የት ላይ ጨርቅ እንዳነሰው ታያላችሁ። ሳታውቁት ልባችሁ ከእነሱ ጋር ይሆናል። እኛም ጭንብሉ የተላቀቀበትን ልጅ ስንስቅበት እንዲሳካለት እየተመኘን ነበር።

አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጆርጅ ሮሜሮ በፈረንጆቹ 1968 «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»ን የሠራው በ114,000 ዶላር ገደማ ነው። ጥቁርና ነጭ ስለነበር ለደም የቸኮሌት ሽሮፕ ተጠቀሙ። ፊልሙ ኮሜዲ አይደለም። ግን አንድ ነገር አስተውሉበት። ሙታኑ ውጭ ቀስ እያሉ ይመጣሉ፤ ቤት ውስጥ ያሉት ሕያዋን ደግሞ ምድር ቤት እንግባ አንግባ እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ኮሜዲው በኋላ የበቀለው ከዚህ ጭቅጭቅ ይመስለኛል። በፈረንጆቹ 2004 በወጣው የእንግሊዛዊው ኤድጋር ራይት ኮሜዲ «ሾን ኦፍ ዘ ዴድ» ዋናው ገጸ ባሕርይ ሾን ጠዋት ተነሥቶ ሱቅ ደርሶ ይመለሳል። ሰፈሩ ዞምቢ በዞምቢ ሆኗል፤ እሱ ልብ አላለም። ፊልሙ ሚሊዮኖች ወጥተውበታል። ይህ ትዕይንት ግን አንድ መንገድና አንድ ሱቅ ነው የሚፈልገው።

የሁሉም አውራ ለእኔ የጃፓኑ «ዋን ከት ኦፍ ዘ ዴድ» ነው። (ያላያችሁት ይህን አንቀጽ ዝለሉት፤ ፊልሙን ካያችሁ በኋላ ተመለሱበት።) ዳይሬክተሩ ሺኒቺሮ ኡዌዳ በፈረንጆቹ 2017 ያወጣው ነው። በጀቱ 3 ሚሊዮን የን፣ ማለትም 25,000 ዶላር ገደማ ነበር። ተዋናዮቹን ማንም አያውቃቸውም። መጀመሪያው 37 ደቂቃ ሳይቋረጥ የተቀረጸ ነው፤ ትወናው ይንተባተባል፣ ካሜራው ይንገዳገዳል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ከዚያ ፊልሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ከካሜራው ጀርባ የነበረውን ያሳያችኋል። መጨረሻ ላይ የካሜራው ክሬን ይሰበራል። ሰዎቹ አንዱ በአንዱ ጀርባ ላይ ወጥተው ካሜራውን በሰው ቁልል ከፍ ያደርጉታል። እኔ እዚያ ላይ አለቀስኩ። ደቦ ነው። የሌላቸውን ክሬን በራሳቸው ትከሻ ሠሩት፣ ይህንንም ሳይደብቁ አሳዩን።

እናንተም ደሴን ሆሊውድ ለማስመሰል አትድከሙ። የወሎ ዞምቢ ሥሩ። እስቲ አስቡት፦ ሰውየው ከመቃብር ተነሥቶ ቤቱ ሲመለስ ቅሬው፣ ማለትም እድሩ፣ ገና ድንኳኑን አልነቀለም። የቅሬው ዳኛ መዝገቡን ገልጦ ለቀብር የወጣው ብር ይመለስ አይመለስ ብሎ ያወያያል። አንዱ «ተነሥቷልና ይመልስ» ይላል። ሌላው «አሁንም እኮ ሞቷል» ይላል። ማንም አይሸሽም። ቡናው ገና ቶና ላይ ነው፤ በረካን ሳይጠጣ ማን ይነሣል? ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ድንኳን፣ አንድ ጀበናና ሳቁን መዋጥ የሚችል ተዋናይ ብቻ ነው።

«ወሎ በረሃቡም በጦርነቱም ስንቱን ቀብሮ፣ በሙታን ይሳቃል?» ብለው የሚጠይቋችሁ አሉ። ጥያቄያቸውን አክብሩት። እኔም ብዙ አስቤበታለሁ። ለቅሶ ቤት ስንቀመጥ ሐዘንተኛውን ማጫወት ወጋችን አይደል? በሦስተኛው ቀን አንዱ ስለ ሟቹ የሚያስቅ ነገር ያነሣል፣ እናትየው በእንባዋ መሀል ፈገግ ትላለች። ያ ሳቅ ሟቹን አይደፍርም። የእናንተም ሳቅ እንደዚያ ይሁን። ስለዚህ እውነተኛ መቃብር ላይ አትቅረጹ። ዞምቢያችሁን የወታደር ልብስ አታልብሱት፤ ልጁን ያጣ ሰው ያያችኋል። የሚያስቀው ዞምቢው ሳይሆን እኛ፣ የቆምነው ሰዎች፣ እንሁን።

ብር የለንም ማለት ደግሞ እንደነገሩ እንሥራ ማለት አይደለም። ይህን አጥብቄ እነግራችኋለሁ። ተመልካች ለጎደለ ልብስ ይቅርታ ያደርጋል፣ ለማይሰማ ድምፅ ግን አያደርግም። ያላችሁን ብር መጀመሪያ ማይክ ላይ አውሉት። ካላችሁም ሁለት ስልክ ያዙ፤ አንዱ ይቅረጽ፣ ሌላው ተናጋሪው ደረት አጠገብ ተደብቆ ድምፅ ይያዝ። ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ ነፋስ ማይክ ውስጥ ይገባል፤ የውጭውን ጠዋት ጨርሱ።

አንድ ጊዜ ሰርግ ስቀርጽ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ መብራት ጠፋ። ላብ አጠመቀኝ። ሹፌሮቹ መኪኖቻቸውን አዙረው በፊት መብራታቸው አበሩልን። ጥላው ግድግዳው ላይ እየጨፈረ ሙሽሪት በዚያ ብርሃን ገባች። ከዓመታት በኋላም ቤተሰቡ ደጋግሞ የሚያየው ያንን ክፍል ነው። የመኪና መብራት ለዞምቢ ደግሞ ከዚያም በላይ ያምራል፤ ከኋላው አብሩትና ጭጋግ ሲወርድ ቅረጹ።

ስለ ደም ጠይቃችሁኝ ነበር። ቀይ ስር ቀቅላችሁ ውሃውን አጥልሉ። ብቻውን ቀጭን ነው፣ ፊት ላይ አይቆይም። ተልባ ስታስገቡበት ያዝለገልገዋል፣ ቀስ ብሎም ይወርዳል። ለፊት ዱቄትና ትንሽ አመድ ይበቃል፤ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ። ልብስ ያበላሻልና አሮጌ ልበሱ። ተልባውን ከማታው ዘፍዝፉት፤ ጠዋት ለቀረጻ ይደርሳል።