ቀን እጾማለሁ፣ ሌሊት ግን ራሴን መግታት አቃተኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የ24 ዓመት ልጅ ነኝ፣ ካዛንቺስ ቢሮ እሠራለሁ። ከዐቢይ ጾም ጀምሮ ቀን ምንም አልቀምስም። ባዶ ሆዴን ስሆን ቀለል ይለኛል። ፋሲካ አልፎ በዓለ ሃምሳ ሲገባም ቀን መብላት አልቻልኩም። ማታ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ዳቦውን፣ የለውዝ ቅቤውን፣ ለነገ የተቀመጠውን ሽሮ ሳይቀር ቆሜ እጨርሰዋለሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ጣቴን ጉሮሮዬ ውስጥ ከትቼ አስመልሳለሁ። በጣም ከስቻለሁ፣ የወር አበባዬም ቀርቷል። እኔ ግን አሁንም እንዳልወፍር እፈራለሁ። የምግብ ሱስ ነው? ወይስ የሆዳምነት መንፈስ? ስንት ቀን ብጨምር ይለቀኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አንድም ቀን አትጨምሪ። የጀመርሽውንም አቁሚ። ይህን ከቤተ ክርስቲያን መምህር ስትሰሚ ግር ይልሽ ይሆናል።

ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾም ማለት ሰው በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከሉ ነው ይላል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ ነሐሴ 16 ይፈታል። ሁሉም መግቢያና መፍቻ አለው። በበዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። አንቺ ግን ያኔም አልበላሁም አልሽ። ታዲያ ያንን ማን አዘዘሽ? ልወቅስሽ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ጾሙን ስትፈታ መፍታት ካቃተሽ፣ የያዘሽ ነገር ጾም አይደለም ማለቴ ነው።

መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 14ን ክፈቺ። ሳኦል በጦርነት ቀን እስከ ማታ እህል የሚቀምስ ርጉም ይሁን ብሎ ሕዝቡን አስማለ። እግዚአብሔር አላዘዘውም፣ ከራሱ ነው ያመጣው። ሕዝቡ ዛለ። ዮናታን መሐላውን ስላልሰማ በበትሩ ጫፍ ማር ቀመሰ፣ ዓይኑም በራ። ማታ ላይስ ምን ሆነ? ያ ሁሉ ሰው በምርኮው በግና በሬ ላይ ተረባረበ። እዚያው መሬት ላይ እያረደ ከነደሙ በላ። ደም መብላት በኦሪት ክልክል ነው። ቀን ማር የከለከለው መሐላ ማታ ትልቁን ሕግ አስጣሰ። እኔ ይህን ሳነብ ሕዝቡን ሆዳም ለማለት አንደበቴ አይደፍርም። ጥፋቱ ማለዳ ከተማለው መሐላ ነው የጀመረው። ያንቺም ሌሊት ከዚህ አይለይም።

የሳይንስ ሰዎችም በሌላ መንገድ እዚሁ ደርሰዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ጤነኛ ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ያህሉን ብቻ እየበሉ ተጠኑ። ብዙም ሳይቆይ ወሬያቸውም ሕልማቸውም ምግብ ሆነ። ዕድሜ ልካቸውን ምጣድ ነክተው የማያውቁ ወንዶች የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ ጀመሩ። እንደ ልብ ብሉ ሲባሉ ደግሞ አንዳንዶቹ ሆዳቸው እስኪወጠር በልተው እንኳ አልጠግብ አሉ።

ወደ ሱሱ ልምጣ። የምግብ ሱስ የሚባለው በሐኪሞች መዝገብ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ አልገባም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 በአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ የወጣ መጠይቅ ግን አለ፤ ካሰብከው በላይ ትበላለህ ወይ፣ ማቆም አቅቶሃል ወይ እያለ ይጠይቃል። የሚገርመው፣ አኖሬክሲያ የሚባለው፣ እንዳይወፍሩ ፈርቶ ራስን የማስራብ ሕመም ያለባቸው፣ አጥንታቸው የወጣ ሰዎች ሳይቀሩ፣ በተለይ በልተው የሚያስመልሱት፣ በዚህ መጠይቅ ሱሰኛ ሆነው ይገኛሉ። እንደኔ እንደኔ መጠይቁ እነሱ ላይ የለካው ረሃባቸውን ነው። ሱስ የሆነባቸው ምግቡ ሳይሆን መራቡ ራሱ ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ባዶ ሆዴን ስሆን ቀለል ይለኛል ያልሽው ለእነሱ ጥሩ ማስረጃ በሆነ ነበር። ክርክሩ አላለቀም። አንቺ ግን ሱሰኛ ነኝ ብለሽ ከምግብ በሸሸሽ ቁጥር ሌሊቱ እየባሰብሽ ይሄዳል።

ከተማችን ደግሞ ለዚህ ሕመም መደበቂያ አላት። ምሳ ሰዓት ላይ ጾም ነኝ ካልሽ ማን ይጠይቅሻል? ጭራሽ ይመረቅልሻል። ድሮ ሰው ሲከሳ ምነው፣ አመመሽ እንዴ ይባል ነበር። ዛሬ ቢሮ ውስጥ አምሮብሻል፣ ምን ተጠቅመሽ ነው ይላሉ። የእናትሽን ዓይን ከእነሱ አፍ በላይ እመኚ።

መንፈስ ነው ወይ ላልሽው፣ ጸልዪ፣ ጸበልም ተጠመቂ። ግን አንድ ነገር አደራ። ጸበል በባዶ ሆድ በብዛት ጠጥቶ ማስመለስን እንደ ፈውስ ምልክት የሚያዩ አሉ። አንቺ ይህን እንዳታደርጊ። ደጋግሞ ማስመለስ ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ከሰውነት ያሟጥጣል፣ የልብ ምትን ያዛባል። ሰው ይሞታል። ራስሽን ከሳትሽ ወይም ልብሽ ምቱን ከሳተ ነገ ሳትዪ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ግቢ።

ስሙን ሐኪም ይስጠው፤ እኔ አኖሬክሲያ ነው ብዬ አልፈርድም። የወር አበባሽ መቅረቱ ብቻውን ግን ሐኪም ዘንድ ያስሄዳል። ደምሽንና ልብሽን አስመርምሪ። ለአእምሮው ደግሞ ጥቁር አንበሳም አማኑኤልም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አሉ። አማኑኤል ሲባል ልብሱን የጣለ ሰው ብቻ የሚሄድበት አድርገን ማየታችን ስንቱን ቤት አስቀርቶብናል! በራስሽም በአንድ ቀን ብዙ ልብላ እንዳትዪ። ረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት ሲጠግብ የደሙ ማዕድን ይዛባል፣ ስለዚህ መጠኑን ሐኪም ያውጣልሽ። ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ እንኳ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ተመልሶ ሲተኛም ቀስቅሶ ድጋሚ አበላው።

ለሕመምተኛ ጾም እንደሚቀልለት ያው ፍትሐ ነገሥት ያዛል። የንስሐ አባትሽ ብዪ ሲሉሽ ታዘዢ፣ ጸጸት ቢሰማሽም ብዪ። ጸሎቱና ምጽዋቱ አይቀርብሽም።

ስለ ቁርባን አልጠየቅሽም፣ ግን መነሣቱ አይቀርም። ከመቀበል በፊት 18 ሰዓት መከልከል እንዳለ ታውቂያለሽ። ተቀብሎ ማስመለስ ደግሞ ከባድ ነገር ነው። ስለዚህ መቼ እንደምትቀበዪ በራስሽ አትወስኚ። ለንስሐ አባትሽ ማስመለሱን ሳይቀር ንገሪያቸው፣ ትንሽ ጨጓራዬን ያመኛል ብለሽ አታድበስብሺ። መናገሩ ካሳፈረሽ ጽፈሽ ስጫቸው።